ከከተራ በኋላ የጠፋው ምንጭ

ስንት ምንጭ እንደገነባሁ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጡረታ የወጣሁ ቀን በሽኝቱ ላይ አለቃችን ይህንኑ ቁጥር ከወረቀት ላይ አንብቦ አስጨበጨበልኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ምሳ በላን። ስንት ምንጭ ጠፋብህ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የጠፋብኝ አንድ ነው። ስለሌሎቹ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይፈሳሉ፣ ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል። የምጽፈው ስለዚህ ስለ አንዱ ነው፤ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ በየቀኑ የሚመላለስብኝ እሱ ነውና።

ሥራዬ ምንጭ ማጎልበት ነበር። ስሙ የመሥሪያ ቤት ስም ስለሆነ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ከመሬት በራሱ የሚወጣን ውሃ ከብት እንዳይረግጠው፣ ጎርፍ እንዳይገባበት በግንብ ገንዳ አቅፎ በቧንቧ ወደ ሰው ማድረስ ነው። አሁን ይህ ሥራ እየቀረ ሄዷል። መኪና ላይ የተጫነ መቆፈሪያ ይመጣና ከጥልቅ መሬት አውጥቶት ይሄዳል። ቅር አይለኝም። ሴቶቹ ይቅዱ እንጂ ከየትም ይውጣ።

የዳንግላ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ለግንበኛ ድንጋይ በማቀበል ነው። ከዚያ ራሴ ግንበኛ ሆንኩ፤ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ቀጠረኝና ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ሰዎች ከተማዋን ቆሰበር ነበር የሚሏት፤ ዛሬም የሚሏት አሉ። የቆሰበር ብርድ ለዳንግላ ሰው ቅጣት ነው። ጠዋት ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሳ ሲሚንቶ ያቦካ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ጣት አልታዘዝ ይላል። የደመወዙን ነገር ባላነሳው ይሻላል፤ እሱን ከወር ወር የምታደርስበትን ዘዴ የምታውቀው ባለቤቴ ነበረች። አለቆችም ብዙ ተቀያይረውብኛል። አንደኛው ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ከመኪናው መስኮት ላይ ሆኖ “እንዴት ነው?” ብሎን ይመለስ ነበር። ሌላኛው ከእኛ ጋር ድንጋይ ይሸከም ነበር፤ እሱን ወደድነው፣ ወዲያው አዛወሩብን።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ዳምጤ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ግንበኛ ነበር። አዲስ ምንጭ ጋ ስንደርስ እኛ አካፋና ዶማ ስናወርድ እሱ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ግማሽ ቀን ሊቀመጥ ይችላል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚገፋ በእግሩ እያዳመጠ ኖሯል። ሲበቃው ይነሳና ዶማውን ወደ ጎን አስቀምጦ በእጁ መቆፈር ይጀምራል። ጭቃውን በእፍኙ እያወጣ፣ ጠጠሩን እየለቀመ፣ የምንጩን ዓይን እስኪያገኝ ይሄዳል። ዓይን የምንለው ውሃው ከመሬት የሚወጣበትን ቀዳዳ ነው። በዶማ የተመታ ዓይን ይቆጣል ይል ነበር።

እንቁራሪት ካገኘ በመዳፉ አንስቶ ራቅ አድርጎ ጥላ ውስጥ ያኖራታል። “ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፤ እኛ ተከራይ ነን” ይላል። ትርፍ ውሃ ከሚወጣበት ቱቦ ሥር ሁልጊዜ ከሲሚንቶው ቆንጥሮ ጎድጎድ ያለች ትንሽ መጠጫ ይሠራል፤ ለወፍና ለንብ። አለቃ መጥቶ “ይህቺ በፕላኑ ላይ የለችም” ሲለው፣ “እነሱም የውሃ ኮሚቴ አባል ናቸው” ብሎ ሳይስቅ ሥራውን ይቀጥላል። እኛ ዞር ብለን እንስቃለን። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም ይህችን መጠጫ ሳልሠራ የተውኩት ምንጭ የለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ውሃን ወደ ኋላ መግፋት ነበር። ገንዳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ከምንጩ ዓይን በላይ ከፍ ካለ መልሶ ዓይኑን ይጫነዋል። የተጫኑት ምንጭ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ በድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ያገኘዋል፤ አንዴ ካገኘው በቀድሞው መንገድ አይመጣም። ስለዚህ የትርፍ ውሃ ማፍሰሻውን ቱቦ ሁልጊዜ ከዓይኑ ዝቅ አድርገን ነው የምናስቀምጠው። “ይህቺ የምንጩ መተንፈሻ ናት” አለኝና አንድ ቀን በሲሚንቶ በተለወሰ እጁ አፌንና አፍንጫዬን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። እስክንፈራገጥ ድረስ አለቀቀኝም። “ገባህ?” አለኝ። ገባኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት አካባቢ ይመስለኛል፤ እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ የበዛበት፣ ገበሬው እርሻውን እየተወ ዲከረንስ ወደ መትከል የገባበት ጊዜ ነው። ዲከረንስ ለማያውቀው፣ ቶሎ የሚያድግ የከሰል ዛፍ ነው። በአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል ስታልፉ ገብስና ጤፍ የነበረበት ሁሉ ዛፍ ለብሶ፣ ከሰሉ በጆንያ ሆኖ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ ታያላችሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት ባለቤቴ አስናቀች ሞተች። ሕመሟ ብዙም አልቆየ። ሆስፒታል አመላለስኳት፤ ጠበል አስጠመቅኳት፤ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። ተዝካሯን አወጣሁና ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ አልነበረም፤ የምለው ነገር ነው ያጣሁት። በደጁ ሳልፍ ሰው ሁሉ ሲሳለም እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ተነስቼ እሄዳለሁ። መኖር ይህ ከሆነ እኖር ነበር።

መስከረም ላይ ከአዲስ ቅዳም ወደ ውስጥ ወዳለች አንዲት መንደር ተላክሁ። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ በስማቸው ላይ ወሬ ልጨምርባቸው አልፈልግም። መኪና ስለማይገባ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ፈንቴ ፈረስ ይዞ መንገድ ድረስ ወጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጉልህ፣ በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ ጎልማሳ ገበሬ ነው።

“ኢንጂነሩ እርስዎ ነዎት?” አለኝ።

“እኔ ግንበኛ ነኝ።”

“እንኳን ግንበኛ ሆኑ ጋሼ! ሜትር ይዞ የመጣ ብዙ ነው፤ ሲሚንቶ ይዞ የመጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት” አለና ሣቀ። ፈረሱ ላይ አወጣኝ።

ምንጩ የነበረው እማማ ትርንጎ በሚባሉ ባልቴት መሬት ጫፍ ላይ ነው። ለገንዳው የሚሆነውን ቦታ በፈቃዳቸው የለቀቁት እሳቸው ናቸው። ከልጃቸው ከሙሉነሽ ጋር ይኖራሉ። እርስ በርሳቸው በአዊኛ ነው የሚያወሩት፤ ለእኔ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። በየቀኑ ቀስ ብለው በምርኩዝ ይመጡና ከሥራችን አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ሲገረም እሳቸው አልገረማቸውም። “እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ እንጂ” አሉኝ።

አንድ ቀን ትኩር ብለው አዩኝና፣ “ጺምህን ያሳደግኸው ለማን ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ለባለቤቴ ነው። በክረምቱ አረፈች።”

“እግዜር ያጥናህ” አሉኝ። “እኔ ባሌንም ሁለት ወንዶች ልጆቼንም ቀብሬያለሁ። በማግሥቱ ግን ውሃ መቅዳት ነበረብኝ። ሲብስብኝ እዚህ እመጣና እቀመጣለሁ። አየኸው ይህን ውሃ? ሰው ሲያለቅስም ይወጣል፣ ሰው ሲተኛም ይወጣል። ማንም ሳያየው ሲወጣ ያድራል። እንግዲህ የሚያወጣው አለ ማለት ነው እላለሁ። ከዚያ እንስራዬን አዝዬ እነሳለሁ።”

ቄስ ነግሮኝ አልገባ ያለኝ ነገር በዚያች አፍታ ገባኝ ብል ውሸት ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጽናኑኝ አልተቆጣሁም።

ታኅሣሥ ላይ ጨረስን። ውሃው በቧንቧ ወርዶ መንደሩ መሐል በተሠራው ቦኖ ላይ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እማማ ትርንጎ የመጀመሪያውን ጣሳ ጠጡና ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። “ያው እሱ ራሱ ነው” አሉ። ጣዕሙ እንዳይቀየርባቸው ፈርተው ኖሯል። ለፈንቴ ትርፍ ማፍሰሻዋን ቱቦ አሳየሁትና ማንም እንዳይነካት አልኩት። “ማን ደፍሮ ጋሼ!” አለኝ። እንጅባራ ተመለስኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ከፈንቴ አፍ ነው የሰማሁት። በዚያች መንደር ጥምቀት የሚከበረው ከምንጩ ዝቅ ብሎ ባለው ጅረት ነበር። በከተራ ዕለት ወንዶቹ ወርደው ጅረቱን በድንጋይና ሣር በለበሰ የአፈር ጓል ይገድቡታል፤ ውሃው ተጠራቅሞ ያድራል፤ ታቦቱ እዚያው ድንኳን ውስጥ አድሮ ጠዋት ውሃው ይባረካል፣ ሕዝቡ ይረጫል። ከአባት ከአያት ሲሠራ የኖረ ነው፤ በዓሉም ከተራ የተባለው ውሃ ስለሚከተር ነው። በዚያ ዓመት ግን የምንጩ ውሃ ወደ ቧንቧ ስለገባ ጅረቱ ቀጥኖ ነበር። ቢገድቡት ቁርጭምጭሚት አልሞላ አለ። ታቦቱ እየመጣ ነው፤ ዝማሬው ይሰማል። ያን ጊዜ ፈንቴ አንድ ሐሳብ መጣለት። ቦኖውን ዘጋ፤ ትርፍ ማፍሰሻዋን ቱቦ በቀርከሃ ውታፍና በጭቃ ደፈናት። ገንዳው እስከ ክዳኑ ሞልቶ ያድራል፣ ጠዋት ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል ብሎ ነው።

እንዳለውም ሆነ። ጠዋት ቄሱ መስቀላቸውን አንስተው ሲባርኩ ፈንቴ ውታፉን ነቀለው፤ ውሃው ግልብጥ ብሎ ወረደ። ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። ወጣቶቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ተረጫጩ። ፈረሶቹ በቀይ የኮርቻ ጌጥ አጊጠው ሜዳውን ሞሉት። በመንደሩ እንዲህ ያለ ጥምቀት ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

ወሩ ሳይወጣ ፈንቴ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። “ጋሼ፣ ውሃው ቀጠነብን” የሚለው ብቻ ነው የተሰማኝ። ሄድኩ። ገንዳውን ከፍቼ ገባሁና እጄን ወደ ምንጩ ዓይን ሰደድኩ። ውሃ ሁልጊዜ ጣቶቼን መግፋት ነበረበት። ድንጋዩ ደርቋል።

“በከተራ ምን አደረጋችሁ?” አልኩት ከውስጥ ሆኜ።

ፈንቴ በዓሉ እንዴት ደምቆ እንደዋለ በደስታ ይነግረኝ ጀመር። ስለ ውታፉ ሲደርስ ፊቴን አየና ንግግሩ ተሰበረ።

“ፈንቴ፣ ውሃውን አፍናችሁታል” አልኩት።

“ለታቦቱ እኮ ነው ጋሼ” አለኝ። ያ ጉልህ ድምፁ ጠፍቶ። “ለታቦቱ እኮ ነው ያደረግነው።”

ምን ይባላል? ከተራን ስህተት ነው የምል እኔ ማን ነኝ? ከዚያ ገንዳ ስወጣ የተሰማኝን እስካሁን በትክክል ልናገረው አልችልም። ሰው እግዚአብሔርን ሊያከብር ብሎ ባደረገው ነገር ውሃውን ሲያጣ፣ ይህን ያየ ሰው ምን ብሎ ይጸልያል? ለአስናቀችም የተሳልነው እሱን አምነን ነበር። ያኔ በውስጤ የቀረችው ትንሽ ነገር እንኳ የጠፋች መሰለኝ።

መንደሩም ተረበሸ። አንዱ ቁጣ ነው አለ፤ አንዱ ሲሚንቶ ያባረረው ነው አለ። ክፉዎቹ ደግሞ የአባቶቿን ምንጭ አሳልፋ የሰጠች እሷ ናት ብለው ወደ እማማ ትርንጎ ጠቆሙ። ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። እማማ ትርንጎ ከቤት መውጣት ተዉ፤ በዚያው አልጋ ያዙ። ልጃቸው የወንዝ ውሃ ስታቀርብላቸው አፋቸው ላይ አድርሰው ይመልሱታል።

“አንድ ጣሳ ከዚያ ውሃ ጠጥቼ ብሄድ ሌላ ምንም አልፈልግም” አሉኝ ልጠይቃቸው ስገባ። ቅሬታ አልነበረበትም። እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት።

አለቃዬ መጥቶ አየና ከልቡ አዘነ። ቢሆንም ሌላ ሥራ ይጠብቀን ነበር። “ደርቋል ብለህ ጻፍ፤ በሚመጣው በጀት ሌላ ቦታ እናያለን” አለኝ። የዓመት ፈቃዴን ስጠኝ አልኩት። “ፈቃድ ወጥተህ የት ልትሄድ?” አለ። “እዚሁ” አልኩት። ትንሽ አየኝና ፈቀደልኝ።

ፈንቴ ቤት አረፍኩ። ከገንዳው ጀርባ ቆፈርኩ፤ ምንም። ከጎኑ ቆፈርኩ፤ ምንም። የተገፋ ውሃ የት እንደሄደ አይናገርም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ከቅዳሴ ሲመለስ እኔ ባዶ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይደርሱብኛል።

አንድ ጠዋት እዚያው ተቀምጬ ለወፍና ለንብ የሠራኋትን መጠጫ አያለሁ። አቧራ ሞልቷታል። ንቦች ግን አሁንም ይመጣሉ። ያርፋሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ፣ ያጣሉ፣ ይነሳሉ። መጀመሪያ አሳዘኑኝ። የለመዱትን ያጡ ፍጥረቶች ነን አልኩ። ቆይቼ ግን ሲነሱ የሚሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑን አስተዋልኩ፤ ወደ ታች፣ ወደ ፈንቴ የዲከረንስ ተክል። ዲከረንስ እንዲህ በበጋ አበባ የለውም። ሌላ ሥራም ስላልነበረኝ ተነስቼ ተከተልኳቸው።

ከዲከረንስ ሥር እምብዛም ነገር አይበቅልም፤ የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። ንቦቹ የሄዱበት ጠፋብኝ። ልመለስ ስል ከአንድ ግንድ ሥር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር አየሁ። እንግጫ ናት። አንዲት ዘለላ። ዙሪያዋን መሬቱን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ቀጠፍኳትና ምን እንደማደርጋት ሳላውቅ ወደ እማማ ትርንጎ ቤት ይዣት ሄድኩ። በሽተኛ ቤት ባዶ እጄን መግባት ስለሰለቸኝም ሊሆን ይችላል።

እንግጫ በጎጃም የአዲስ ዓመት ሣር ነው። በጳጉሜ መጨረሻ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ሜዳ ወርደው ይነቅሉታል፤ ጎንጉነው በየቤቱ ምሰሶና በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስሩታል። በመጋቢት የሚያመጣው ሰው የለም። እማማ ትርንጎ ተቀበሉኝና በጣቶቻቸው መሐል አሽከረከሩት። ዘንጉ ሦስት ጎን ስላለው በጣት ሲያሹት ይታወቃል።

“ከየት አመጣኸው?”

“ከፈንቴ ዛፍ ሥር።”

ከትራሳቸው ቀና ሊሉ ሞከሩ። ሙሉነሽ ደገፈቻቸው። “ልጆች ሆነን የምንነቅለው እዚያ ነበር” አሉ። “ሜዳ ነበር ያኔ። ጭቃው እግራችንን ይይዘናል፤ ጓደኛዬ ወድቃ ቀሚሷ በጭቃ ተለውሶ አልቅሳ ነበር። ስንነቅለው ሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። በኋላ ታረሰ፣ ቆይቶም ዛፍ ሆነ። ረስቼው ነበር።” እንግጫውን ደረታቸው ላይ አስቀመጡ። “እሱ ውሃ በሌለበት አይበቅልም ልጄ። ሄዶልሃል እንጂ አልሞተም።”

ለፈንቴ ነገርኩት። ዛፎቹ ለከሰል ገና አልደረሱም፤ ለልጆቹ ብሎ የተከላቸው ናቸው። ጠዋት ስነሳ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሸሚዙን አውልቆ ይቆርጣል። እንዲህ ሁሉንም አትጨርስ፣ ትንሽ ቦታ ይበቃኛል አልኩት።

“ይተዉኝ ጋሼ” አለኝ ሳይዞር። “ያቺን ቱቦ የደፈንኩት በዚህ እጄ ነው።”

ግንዱን አነሳን፤ ሥሩን ነቀልን። ከዚያ ዶማውን ወደ ጎን አስቀመጥኩና እንደ ጋሽ ዳምጤ በእጄ ገባሁ። ቀዩ አፈር አለፈ፤ ግራጫው ጭቃ መጣ፤ እርጥበት ያለው መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ደረቅ ሆነ። ቀናት አለፉ። ማታ ማታ ወደ እማማ ትርንጎ ስገባ ድምፃቸው እያነሰ ሄዷል።

“ወጣ?” ይሉኛል።

“ገና ነው እማማ።”

“ይወጣል” ይላሉ። ይህን ሲሉ የሚያጽናኑት እኔን ነው። የሚሞቱት እሳቸው፣ የሚጽናናው እኔ። አፍሬ እወጣለሁ።

አንድ ማለዳ ወደ ጉድጓዱ ስደርስ ዕቃዬን ሰብስቤ ልሄድ ወስኜ ነበር። ፈቃዴም እያለቀ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ታች፣ በደረቁ ጭቃ ላይ፣ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ተቀምጣለች። ቆዳዋ እርጥብ ነው። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከየት መጣች? ዙሪያው ሁሉ ደረቅ አፈርና የከሰል እንጨት ነው። ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልሸሸችም። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አስናቀች ስትቀበር ሰው እንዳያየኝ ብዬ ያፈንኩት እንባ ነው መሰለኝ። “ጌታ ሆይ” አልኩ። ሌላ የምጨምረው ቃል አላገኘሁም፤ ግን ከተዝካሯ ወዲህ ይህንንም ብዬ አላውቅም ነበር። የምትጠብቅ ፍጥረት አየሁ። ውሃው ሳይታይ፣ ይወጣል ብላ የመጣች ናት። እኔም ከዚያች ጋር እኩል ልቀመጥ አልኩ።

በመዳፌ አንስቼ ጥላ ውስጥ አኖርኳት። የተቀመጠችበትን ቦታ በጣቴ ጫርኩት። ቀዘቀዘኝ። ክንዴን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጠጠር አገኘሁ፤ ጠጠሩን ሳነሳ አንዳች ነገር ጣቶቼን ገፋቸው። በዚህ ሥራ ዘመኔ ሁሉ የማውቀው ግፊት ነው። ጭቃው መጀመሪያ ላብ አወጣ፤ ከዚያ እንደ ክር ሆነ፤ ከዚያ እግሬን አረጠበው።

“ፈንቴ!” ብዬ ጮህኩ።

መጥቶ አየ። መሬት ወድቆ ተሳለመ። “ለእማማ ልንገራቸው!” ብሎ ሽቅብ ሮጠ። እኔ ብቻዬን ውሃው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሲስቅ የሚያለቅስ ሰው ካያችሁ እኔ ያን ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ።

ብዙ አልቆየም። ከመንደሩ በኩል ጥሩንባ ተነፋ። በዚያ አገር ጠዋት የሚነፋ ጥሩንባ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፈንቴ የሮጠበትን መንገድ በዝግታ ሲመለስ አየሁት። ባዶ ጀሪካን ይዟል።

“ደርሼባቸው ነበር” አለኝ። “በጆሯቸው ነገርኳቸው። መስማታቸውን እንጃ ጋሼ። መስማታቸውን እንጃ።”

ያ ምንጭ ዛሬም ይፈሳል። ገንዳ ሠራንለት፤ ቧንቧውን ዘረጋን፤ ለከተራ የሚሆን ውሃ ምንጩ ሳይታፈን የሚጠራቀምበት ሌላ ገንዳ ዝቅ ብሎ ተሠራ፤ ፈንቴ ነው ድንጋዩን የተሸከመው። መሥሪያ ቤቱ ከተሳኩት ጋር ቆጥሮታል። እኔ ግን ያን ምንጭ ሳስብ ግንቡ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ያ ጠዋት ነው።

ውሃው ገና አልጠራም ነበር፤ ግራጫ ነው። በእኛ ሥራ ደንብ እስኪጠራ ድረስ ለሰው አይሰጥም። ፈንቴ ጀሪካኑን ዘርግቶ ቆሟል። ለገላቸው ማጠቢያ ነው፤ ሴቶቹ የወንዙን ውሃ አንፈልግም ብለው ልከውታል። ቀዳሁለት። አብረን ተሸክመን ወጣን።

ሙሉነሽ በር ላይ ጠበቀችን። ዓይኗ አብጧል። ጀሪካኑን ከፍታ አየችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። በገንቦ አፍ ላይ ዘርግታ ውሃውን በነጠላዋ አጠለለችው፤ ጭቃው ነጭ ነጠላ ላይ ቀረ፤ ከሥር የወረደው ጠርቶ ወረደ። አንዲት ጎረቤት እጇን ነከረችና ደነገጠች።

“እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ እናሙቀው” አለች።

“አታሙቁት” አለች ሙሉነሽ። “እንዲህ ቀዝቃዛውን እንዳለ ነው እናቴ ስትጠብቀው የከረመችው።”

ገንቦውን ይዛ ገባች፤ ሴቶቹ ተከትለዋት በሩን መለስ አደረጉት። እኔና ፈንቴ አንዱ ጀሪካን ስለማይበቃ ወደ ታች ተመለስን።